ከሽንቁሩ ወደ ኋላ፦ ለፍራንከንስታይን ፍጡር የምሠራው የግድግዳ ፍሬም

ቅዳሜ

ስለ ፍራንከንስታይን ፍጡር የግድግዳ ፍሬም ልሠራ ነው። ሣጥን የመሰለ ጥልቅ ፍሬም፣ ውስጡ በምላጭ የተቆረጠ ወረቀት በንብርብር የቆመበት፣ ከኋላው መብራት ያለው። ሥራው ሲሄድ እየተከታተልኩ እዚሁ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሰውዬው። አዎ፣ ሰውዬው ነው የምለው። ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው፤ ቪክቶር ፍራንከንስታይን። የተሠራው ግን ስም የለውም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንም ስም ላውጣልህ አላለውም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» የተባለውን ልብወለድ መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816 ሰኔ ላይ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ገና በ18 ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአውሮፓን አየር አዛብቶት ነበር። ፀሐይ መውጣት በነበረበት ወቅት ብርድና ዝናብ ሆነ፤ ሐይቁ ዳር የከረሙት ወዳጆችም ቤት ተዘግተው የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። መጽሐፉ በ1818 ለንደን ላይ የደራሲ ስም ሳይኖረው ታተመ። ሳይንሳዊ ልብወለድ ከዚህ ጀመረ የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም እንደነሱ ነው የማስበው።

አሁን ስለ መልኩ። አረንጓዴ ቆዳ፣ ጠፍጣፋ አናት፣ አንገት ላይ የተተከለ ብሎን፤ ይሄን የማያውቅ የለም። አናቱና ብሎኑ የመጡት ከ1931ዱ ፊልም ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። መጽሐፉ የሚለው ቁመቱ ወደ 2.4 ሜትር፣ ቆዳው ቢጫ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ጡንቻና የደም ሥር በጭንቅ የሚሸፍን፣ ጥርሱ ነጭ፣ ከንፈሩ ጥቁር፣ ዓይኑ ውሃ የቋጠረ፣ ጸጉሩ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጥቁር፣ ረጅምና የሚወርድ ነው። ይሄ ጸጉር ለሥራው በጣም ይጠቅመኛል። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፍሬሙ ላይ የማስቀምጠውን ቅጽበት ለመምረጥ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ቪክቶር በፈጠረው ሌሊት ጥሎት ይሸሻል። ፍጡሩ ብቻውን ጫካ ይገባል፣ መንደር ሲደርስ በድንጋይ ይባረራል። በመጨረሻ ከአንድ የድሆች ጎጆ ጋር ተያይዞ የተሠራ ትንሽ የእንጨት ዳስ ውስጥ ይደበቃል። የጎጆው አንድ መስኮት በእንጨት ተደፍኖ ኖሮ፣ እንጨቱ መሀል በቀላሉ የማይታይ ሽንቁር ያገኛል። በእሷ አጮልቆ ያያል። ኖራ የተቀባ፣ ንጹሕ፣ ዕቃ እምብዛም የሌለው ክፍል። እሳቱ አጠገብ የተቀመጠ ሽማግሌ። ሥራዋን ይዛ ከጎኑ የምትቀመጥ ልጅ። ሽማግሌው ሙዚቃ መጫወት ሲጀምርና ልጅቷ ስታለቅስ፣ እሱም ወደራሱ አስጠግቶ ሲያባብላት፣ ፍጡሩ ደስታና ሕመም የተቀላቀለበት ነገር ውስጡን ይሞላዋል። ረሃብም ብርድም እንዲህ አድርገውት አያውቁም። አልቻለም። ከሽንቁሩ ወደ ኋላ ይላል።

ይሄ ወደ ኋላ ማለቱ ነው አንጀቴን የሚበላው። እስካሁን ማንንም አልነካም። ሰው ሰውን ሲወድ ገና አሁን ነው ያየው። ፍሬሙ ይሄን ነው የሚይዘው።

እሁድ

ንድፍ ቀኑን ሙሉ። የወሰንኩት ፍጡሩ ከጀርባው እንዲታይ ነው። ተመልካቹ ከኋላው ይቆማል፣ እሱ ያየውን ያያል።

ታናሽ እህቴ ንድፉን አየችና "ፊቱስ?" አለች። ፊቱ የለም አልኳት። "እንግዲያ እሱ መሆኑን ማን ያውቃል?" አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ ግን ልቤ አልቀበል አለ። ያ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ያገኘው ፍርድ ሁሉ ፊቱን በማየት ብቻ የተፈረደ ነው። በደግነት የተቀበለው አንድ ሰው ቢኖር ያው ሽማግሌው ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ ዓይነ ስውር ነው። ስለዚህ ፊቱን አላሳይም። ከፊቱ ውጪ ባለው ነገር እንዲታወቅ ማድረግ የኔ ሥራ ነው።

ያገዘኝ አንድ ዝርዝር አለ። ዳሱ በጣም ዝቅተኛ ስለነበር ተቀምጦም ቀና ማለት ይቸግረው ነበር። ያ ሁሉ ቁመት እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ ነው የኖረው። ስለዚህ በንድፉ ላይ ጀርባው የፍሬሙን ላይኛ ጠርዝ ይነካል፣ አንገቱ ይሰበራል፣ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይሰበሰባል። ከላይ አንድ ጣት ክፍተት እንኳ አልተውኩም። ግዙፍነቱን የሚናገረው ይሄ ጥበት ነው፣ ሌላ ምንም አልጨምርም።

ሰኞ ማታ

ልኬት። የፍሬሙ ፊት 40 በ50 ሳ.ሜ.፣ ጥልቀቱ 7 ሳ.ሜ.። ጥልቀቱ ለምን ይሄን ያህል ሆነ ለምትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስታወቱ 5 ሚ.ሜ. ገባ ብሎ የፍጡሩ ጥቁር ቅርጽ። ከሱ 10 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ የተደፈነው መስኮት፣ ማለትም ሳንቃዎቹና ሽንቁሩ። ከዚያ 10 ሚ.ሜ. አልፎ ልጅቷ፣ 8 አልፎ ሽማግሌው፣ 8 አልፎ ግድግዳውና እሳቱ። በመጨረሻ ለመብራቱ 20 ሚ.ሜ.። መስታወትና የኋላ መዝጊያ ሲጨመር 66 ሚ.ሜ. ይሆናል።

የሥራው ልብ ይሄ ክፍተት ነው። ሽንቁሩ 14 ሳ.ሜ. ቁመት፣ 15 ሚ.ሜ. ብቻ ስፋት አለው። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የክፍሉን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው የምታዩት። ወደ ግራ ስትሄዱ ሽማግሌው ይመጣል፣ ወደ ቀኝ ስትሄዱ እሳቱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። በካርቶን ሞክሬ አረጋገጥኩት። ግድግዳው ከሽንቁሩ 26 ሚ.ሜ. ስለሚርቅ፣ እስከ 45 ዲግሪ ዞር ብላችሁ ብታዩ በድምሩ ወደ 7 ሳ.ሜ. የሚሆን ክፍል ይገለጥላችኋል። ስለዚህ ክፍሉን ከዚያ አስፍቶ መቁረጥ ልፋት ብቻ ነው። ደስ ያለኝ ደግሞ ተመልካቹ ሳያውቀው እንደሱ አንገቱን እያዘነበለ ማየቱ ነው።

ወረቀት ላይ አንድ ነገር ልበል። አሲድ የሌለው የሚባለውን ፈልጉ። ተራ ወረቀት ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል፣ በተለይ መብራት አጠገብ። ለፍጡሩ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ጥቁር፣ ለክፍሉ ውስጥ ደግሞ 200 ግራም ክሬም ቀለም ወስጃለሁ። ከዚህ የቀጠነ ወረቀት ከፎም ቦርዱ (መሀሉ ፎም የሆነ ቀላል ሰሌዳ) ድጋፍ ውጪ ሲሆን ይለምጣል።

ረቡዕ

መቁረጥ ተጀመረ። እንደ እስክሪብቶ የሚያዘው ምላጭ፣ ከሥር የመቁረጫ ምንጣፍ፣ ከጎን ጥሩ መብራት። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ትንንሹ ዝርዝር መጀመሪያ፣ የውጪው ጠርዝ መጨረሻ። ጠርዙን ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ወረቀቱ ጉልበት ያጣና ውስጡን ስትነኩት ይቀደዳል። ኩርባ ላይ ደግሞ የሚዞረው ወረቀቱ እንጂ እጃችሁ አይሁን። ምላጩ መጎተት ሲጀምር ሳትሰስቱ ቀይሩት። የደነዘዘ ምላጭ ወረቀቱን ያቦጭቀዋል፣ ከኋላ ብርሃን ሲመጣ ደግሞ ያ ጠርዝ ፀጉር ያበቀለ ይመስላል።

ሽማግሌው 4 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። ጊታሩን የያዘበት እጁ ላይ ሙሉ ምሽት ሄደ። ጣቶቹን እያንዳንዳቸውን ለመለየት ቦታ የለም፤ ስለዚህ አውራ ጣቱን ብቻ ለየሁና አራቱን በአንድ ጎንበስ ያለ ቅርጽ ጠቀለልኳቸው። ክሮቹን መቁረጥ አይታሰብም። በእነሱ ፈንታ ከጊታሩ ሆድ ላይ ክብ ቀዳዳ ከፈትኩ፣ ብርሃኑ እዚያ ሲገባ ድምፅ ያለው ይመስላል። አንገቱን ወደ ልጅቷ ትንሽ አዘነበልኩት። ዓይኑ ስለማያይ ፊቱ ወደ እጁ የሚያጎነብስበት ምክንያት የለውም፤ ጆሮው ነው ወደሷ የሚዞረው። ይሄ ሚሊሜትር የማይሞላ ለውጥ ነው፣ ግን ከቀጥታው ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሐሙስ

ልጅቷ፣ ጠረጴዛው፣ ምድጃው አለቁ። እነዚህ ቀላል ነበሩ።

ምድጃው አጠገብ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የተቆለለ የማገዶ እንጨት። ፍጡሩ የልጅቷ ወንድም ቀኑን በእንጨት ለቀማ ሲደክም እያየ፣ ሌሊት መሣሪያውን ወስዶ ለብዙ ቀን የሚበቃ እንጨት ያመጣላቸው ነበር። በረዶ ሲወርድ መንገዳቸውን ይጠርግላቸዋል። መጀመሪያ ምግባቸውን ይሰርቅ ነበር፣ ድሃ መሆናቸውን ሲያውቅ ግን ተወና በጫካ ፍሬና ሥራሥር አደረ። እነሱ ይሄን ሁሉ ማን እንደሚያደርግላቸው አያውቁም። በቅጽበቱ ቅደም ተከተል ከሄድን እንጨቱ ገና አልመጣም፣ ያየበት የመጀመሪያው ቀን ነውና። ቢሆንም እንጨቱ ይኑር አልኩ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው በቀኝ በኩል ቆሞ ሲያየው ይገባዋል።

ከሰዎቹ ንግግር መጀመሪያ የለያቸው ቃላት እሳት፣ ወተት፣ ዳቦ እና እንጨት ናቸው። ፍሬሙ ዙሪያ ልጽፋቸው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። ፊት ለፊት ጽሑፍ ከመጣ ዓይን ወደ ጽሑፉ ይሮጣል። በኋላ መዝጊያው ላይ በእርሳስ እጽፋቸዋለሁ፣ እዚያ መኖራቸው ይበቃኛል።

ቅዳሜ

ፍጡሩ ተቆረጠ። ትልቁ ክፍል በእርግጥ ቀላል ነው፤ ጀርባ ነው፣ ትከሻ ነው። የደከምኩበት ጸጉሩ ነው። ከሽንቁሩ ወደ ኋላ ሲል ጸጉሩ አብሮት ይወዛወዛል፣ ጥቂት ዘለላዎችም ብርሃኑ ፊት ያልፋሉ። እያንዳንዳቸው 1 ሚ.ሜ. ስፋት። ሁለቱም ጫፋቸው መያያዝ አለበት፣ አለበለዚያ በአየር ላይ ይጠቀለላሉ። አንዱን ጫፍ ከአናቱ፣ ሌላውን ከትከሻው ጋር አገናኘኋቸው። እህቴ መጥታ አየችና "አሁን ገባኝ" ብላ ሄደች።

ሳንቃዎቹን በወረቀት አልሠራም። መጽሐፉ እንጨት ካለ እንጨት ይሁን። ለዕቃ ማልበሻ የሚሆን ስስ የእንጨት ልባጥ ወስጄ በአምስት ቁራጭ ቆረጥኩት፣ ስፋታቸውን አበላለጥኩ፣ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ቀባሁና ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሸሁት። ልባጥ እርጥበት ሲነካው ይጠቀለላል። ስለዚህ በሁለቱም ፊት ቀለም መቀባት አለበት፣ ከዚያ በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳ መሀል ክብደት ተጭኖበት ይደር። ሽንቁሩ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳንቃ መሀል ነው። ጠርዙን በማስመሪያ አልቆረጥኩም፣ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ በእጄ ሰነጠቅኩት።

እሁድ

መብራት። በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነበር።

ኤልኢዲ ሪባን ከኋላ በቀጥታ ከተለጠፈ እያንዳንዱ አምፖል እንደ ነጥብ ይታያል፣ ክፍሉም ክፍል መሆኑ ይቀራል። መፍትሔው መብራቱን ከጎን ማድረግ ነው። ከፎም ቦርድ 12 በ20 ሳ.ሜ. የሆነ ትንሽ ሣጥን ሠራሁ፣ ውስጡ ነጭ። ሪባኑን የውስጥ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን አዞርኩት፣ ወደ መሀል እንዲያበራ። ብርሃኑ ከኋላው ነጭ ላይ ነጥሮ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት (ትሬሲንግ) አልፎ፣ ለስልሶ ይመጣል። ነጥብ የሚባል የለም።

ቀለሙ 2700 ኬልቪን ነው፣ ማለትም ሞቅ ያለው። ነጩ ብርሃን የሆስፒታል ኮሪደር ያስመስለዋል፣ እኛ የምንፈልገው ምድጃ ነው። እሳቱ በተቆረጠበት ቀዳዳ ላይ ከኋላ ብርቱካናማ ስስ ወረቀት ለጠፍኩ። ሪባኑ በ5 ቮልት የሚሠራ ነው፣ ሙቀቱ ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ወረቀት ያለበት ቦታ ስለሆነ ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ ትቻለሁ።

ፎም ቦርድ ብርሃን ያሳልፋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስታበሩት ሣጥኑ ራሱ ሲያበራ ታዩታላችሁ። ውጪውን በአሉሚኒየም ቴፕ፣ ከላዩ በጥቁር ወረቀት ሸፈንኩት። አሁን ብርሃን የሚወጣው በሽንቁሩ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አብርቼ ከፍጡሩ ጀርባ ሳየው ዝም ብዬ ቆምኩ። ስለዚህ ሰው ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ፣ ይሄን ያህል የቀረበኝ ግን ዛሬ ነው።

ማክሰኞ ማታ

ፍሬሙ። ጥድ ነው፤ 7 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው፣ 18 ሚ.ሜ. ውፍረት። አራቱም ጫፍ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ በኮላና በሞርሳ ታሰረ። ሞርሳው ከመጥበቁ በፊት ሰያፎቹን በሜትር ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ስኳድራ ገብቷል፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለዋል ማለት ነው። ማዕዘኑ ላይ የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከደረቀ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ አይጠጣም።

ጌጥ የለውም። ቀለሙ ከሳንቃዎቹ ትንሽ የጠቆረ፣ ቫርኒሹ የማያብረቀርቅ። ወርቃማ ፍሬም ላይ የሚሰቀሉት ነገሥታት ናቸው። ይሄ ሰው ግን የኖረው ሁለት ጎኑ በአሳማ ጋጥና በኩሬ የተከበበ ዳስ ውስጥ ነው።

ዓርብ

መስታወቱን በተመለከተ ከብዙዎች እለያለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የማያንጸባርቅ መስታወት ነው የሚመከረው። እኔ ተራውን ነው ያደረግኩት። ምክንያቱም ፍጡሩ ጥቁር ስለሆነ መስታወቱ ልክ እሱ ባለበት ቦታ ላይ የተመልካቹን ፊት ይመልሳል። ያልቆረጥኩትን ፊት ተመልካቹ ይዞት ይመጣል ማለት ነው። ፍጡሩም የራሱን መልክ ያየው በውሃ ውስጥ ነበር። የጎጆውን ሰዎች ውበት ሲያደንቅ ቆይቶ ራሱን ኩሬው ውስጥ ሲያይ ደነገጠ፣ መጀመሪያ እኔ ነኝ ብሎ አላመነም። ከዚያ ሲያምን ሆድ ባሰው።

ስገጥም ጓንት አድርጌያለሁ። የጣት ቅባት ጥቁር ወረቀት ላይ አይለቅም። መስታወቱን ከውስጥ አጽድቼ፣ አቧራውን በአየር መንፊያ አስለቅቄ፣ ንብርብሮቹን በተራ አስገባሁ። መዝጊያውን ከመዝጋቴ በፊት አራቱን ቃላት በእርሳስ ጻፍኩ። መዝጊያው 3 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ነው። በኮላ አልዘጋሁትም፣ በትንንሽ ብሎኖች ነው። ሪባኑ አንድ ቀን ይቃጠላል፣ መከፈት አለበት።

ቅዳሜ

የስም መለያው። ፍሬሙ ሥር ትንሽ ናስ ልለጥፍ አስቤ ነበር፣ ግን ምን ይጻፍበት? "ፍራንከንስታይን" ብል የጣለው ሰው ስም ነው። "ጭራቅ" ብል ያባረሩት ሰዎች ቃል ነው። መልሱ ከድሮ ቴአትር መጣ። በ1823 ታሪኩ ለንደን ላይ ለመድረክ ሲበቃ በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ የፍጡሩ ስም መግባት ባለበት ቦታ ሰረዝ ብቻ ነበር። ሜሪ ሼሊ ሄዳ አይታ፣ ስም የማይሰጠው ፍጡር እንዲህ ያለ ስም መጠራቱን ወደደችው። እኔም ናሱ ላይ አንድ ሰረዝ አስቀረጽኩ። ሌላ ምንም የለበትም።

ስቅያው። ጥልቅ ፍሬም በሽቦ ሲሰቀል ላዩ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ቀለበት መታሁና ግድግዳው ላይ ሁለት ቦታ በስቼ በፊሸር ሁለት ብሎን አሰርኩ፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሥዕል ብዙ ጊዜ መሀሉ ከወለል 145 ወይም 150 ሳ.ሜ. ላይ እንዲሆን ይሰቀላል። እኔ 130 ላይ አደረግኩት። የቆመ ሰው ክፍሉን ለማየት ጎንበስ ማለት አለበት፣ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነው። ገመዱ በግድግዳው ቀለም በተቀባ መሸፈኛ ወደ ሶኬቱ ይወርዳል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ መርጫለሁ፣ ጥቁር ወረቀት ፀሐይ ላይ ቶሎ ይገረጣል።

ዛሬ ሰዎች መጥተው ነበር። ታሪኩን የማያውቅ አንድ ወዳጄ ሽንቁሩ ፊት ጎንበስ ብሎ ወዲህ ወዲያ እያለ ቆየና "ለምን አይገባም?" ብሎ ጠየቀኝ። ገብቶ ነበር አልኩት። ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቆ ወደ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌውም ግባ አለው። ወዲያው ልጆቹ ደረሱና አንዷ ራሷን ሳተች፣ ወንድምየው በዱላ ቀጠቀጠው። ሊገነጥለው ይችል ነበር፣ ግን እጁን አላነሳም። ወጥቶ ሄደ። ጎጆውን ያቃጠለው፣ ሰውም የገደለው ከዚያ በኋላ ነው። ወዳጄ መጽሐፉን ይዞ ሄዷል።

የምትሞክሩት ካላችሁ ልኬቶቹ ከላይ አሉ። ንብርብሮቹን መጀመሪያ በካርቶን አቁማችሁ ከግራም ከቀኝም እዩት። ሽንቁሩን ከ15 ሚ.ሜ. በላይ አታስፉት፤ ሰፋ ካለ ክፍሉ በሙሉ በአንዴ ይታይና ማንም ጎንበስ አይልም።